አቴ ትፈርም?

ጥያቄ

ይድረስ ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሻርጃ የቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ዛሬ የምጽፍልዎ አብራኝ ስለምትሠራው ፊሊፒኗ ነው። አቴ ነው የምላት። በነሱ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው አሉ። መጀመሪያ ጓደኞቿ ሲጠሯት ስሰማ እንደኛ «እቴ» የሚሉ መስሎኝ ሳቄ መጥቶ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት እንግዳ ይመጣል ተብሎ የሳሎኑን ትልቅ መብራት ልታጸዳ መሰላል ላይ ወጣች። እኔ ከታች ይዤላት ነበር። ማዳም ከኩሽና ስትጣራ ሄድኩ። ስመለስ አቴ መሬት ላይ ናት። የመሰላሉ አንድ እግር ምንጣፍ ላይ፣ ሌላው እብነ በረዱ ላይ ነበር። የግራ እጇ አንጓና ዳሌዋ ተሰበረ፤ ዳሌዋ ብረት ገባለት። ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኛች። አሁን ክፍላችን ውስጥ ተኝታለች፤ ሽንት ቤት የማደርሳት እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓርብ ማዳም በዓረብኛ የተጻፈ ወረቀት ይዛ መጣች። «ፈርሚ፣ ቲኬትሽን ቆርጬ አገርሽ እልክሻለሁ» አለቻት። ዓረብኛ ማንበብ ሁለታችንም አንችልም። የማዳም ትልቋ ልጅ በጆሮዬ እንደነገረችኝ፣ «ደመወዜን ሁሉ ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ የምጠይቀው ነገር የለኝም» ነው የሚለው። አቴ እያለቀሰች «ነገ» አለቻት። ነገ፣ ነገ እያለች እስከ ዛሬ ቆይታለች። አገሯ ሁለት ልጆች ታስተምራለች።

ሻንጣዋ ውስጥ የማኒላ ኤጀንሲዋ የሰጣት የኢንሹራንስ ወረቀት አለ። እንደ ክታብ ነው የምትይዘው። ግን ያ ኮንትራት የሁለት ዓመት ነበር፤ አሁን እዚሁ ቤት አራተኛ ዓመቷ ነው። ይሠራል? ትፈርም ወይስ አትፈርም? እኔስ? ስመጣ አዲስ አበባ ብዙ ወረቀት ፈርሜያለሁ፤ ኢንሹራንስ ይኑረኝ አይኑረኝ እንኳ አላውቅም።

መሰላሉን ስለለቀቅኩት ደግሞ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

የሻርጃዋ

መልስ

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። መሰላሉን የለቀቅሽው ተጠርተሽ ነው። ያ ሥራ የሁለት ሰው ሥራ እንደሆነ እያወቀች አንዷን የጠራች ሰው አለች። ጥፋቱን ከራስሽ ላይ አውርጂው።

ሁለተኛ፣ አቴ አትፈርም። «አልፈርምም» ብላ መጣላት አይጠበቅባትም። «ቆንስላው በቋንቋዬ ያንብብልኝና እፈርማለሁ» ትበል። የማታነበውን ወረቀት ላለመፈረም ይህ በቂ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ክታቡ። የፊሊፒንስ ሰዎች ይህን ኢንሹራንስ በነፃ አላገኙትም። በፈረንጆቹ መጋቢት 1995 ሲንጋፖር ውስጥ ፍሎር ኮንቴምፕላሲዮን የምትባል የቤት ሠራተኛቸው በስቅላት ተቀጣች። ማኒላ በሰልፍ ተጥለቀለቀች። በዚያው ዓመት ሰኔ ውጭ አገር የሚሠሩ ዜጎቻቸውን የሚመለከት ሕግ ወጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትይ አልፈርድብሽም። ግን ጮኸ። በ2010 ሕጉ ሲሻሻል ደግሞ በኤጀንሲ የሚሄድ ሠራተኛ ሁሉ ኢንሹራንስ ይገባለት ተባለ፤ ክፍያውም የኤጀንሲው እንጂ የሠራተኛው አይደለም።

ምን ይከፍላል? ሠራተኛው በአደጋ ቢሞት ለቤተሰቡ ቢያንስ 15,000 ዶላር፣ በሕመም ቢሞት 10,000፣ ሙሉ ለሙሉ አካል ጉዳተኛ ከሆነ 7,500። ወደ አገር መመለሻውንም ይሸፍናል። መብቱን ለማስከበር ከተከራከረ እስከ ስድስት ወር ቢያንስ 100 ዶላር በወር ለኑሮ ይሰጠዋል። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ሠራተኛዋ ቢያንስ ሰባት ቀን በተከታታይ ሆስፒታል ከተኛች፣ የቤተሰብ ሰው መጥቶ እንዲጠይቃት ኢንሹራንሱ የአውሮፕላኑን ይከፍላል። አቴ ዘጠኝ ቀን ተኝታለች። ወረቀቱ የሚሠራ ቢሆንና የነገራት ሰው ቢኖር፣ እናቷ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጣ ነበር።

«የሚሠራ ቢሆን» ያልኩት ወድጄ አይደለም። ያ ኢንሹራንስ የሚቆየው ኮንትራቱ እስካለ ድረስ ነው። እዚያው ቤት ኮንትራት ያደሰችና በራሷ የተቀጠረች ሠራተኛ በግዴታው ውስጥ አትካተትም፤ ከፈለገች አሠሪዋ እንዲከፍልላት ትጠይቃለች፣ ወይም ራሷ ትከፍላለች። ብዙዎቹ አይጠይቁም፣ የመጀመሪያው ወረቀት ዕድሜ ልክ ይመስላቸዋል። እኔም ቤይሩት ሳለሁ ጊዜው ያለፈበት የጤና ካርድ ሁለት ዓመት በቦርሳዬ ይዤ ዞሬያለሁ፤ ጊዜው ማለፉን ያወቅኩት ጥርሴን ያመመኝ ቀን ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ዓመት ላይ ኮንትራቱን ማን እንዳደሰው ጠይቂያት። ኤጀንሲው ከሆነ አዲስ ኢንሹራንስ ተገብቶላት ሊሆን ይችላል። እሷና ማዳም ተስማምተው ከሆነ ግን ክታቡ አብቅቶለታል።

ተስፋ ላስቆርጥሽ አልፈልግም፣ ግን አልዋሽሽም። ቢሠራም እንኳ ያን 7,500 ዶላር አታገኝም። በዚያ ሕግ ሙሉ ጉዳት የሚባለው እንደ ሁለት ዓይን ማጣት፣ ሁለት እጅ ወይም ሁለት እግር ማጣት ያለ ነው። የተሰበረ ዳሌ፣ ቢያምም፣ እዚያ ውስጥ አይገባም።

ሌላ በር ግን አለ። ኦዋ የሚሉት የመንግሥታቸው የሠራተኞች ደኅንነት ተቋም አለ። አባልነቱ 25 ዶላር ነው፣ ቢበዛ ሁለት ዓመት ያገለግላል። አገሯ ለዕረፍት ሄዳ ስትመለስ ከፍላ ከሆነና ጊዜው ካላለፈ አባል ናት ማለት ነው። አባል በአደጋ ሲጎዳ እንደ ጉዳቱ መጠን እስከ 50,000 ፔሶ፣ ሙሉ ጉዳት ከሆነ እስከ 100,000 ፔሶ ይሰጣል። ደረሰኙን ፈልጉ። ስልኳ ውስጥም ሊኖር ይችላል።

ትልቁ ነገር ግን ማኒላ አይደለም፣ ያለችበት አገር ነው። የኤምሬትስ የቤት ሠራተኞች ሕግ ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው እንዲክስ ያስገድዳል። ፓስፖርቷም በእጇ መሆን አለበት። የጤና ኢንሹራንስ ደግሞ ከጥር 2025 ጀምሮ ሻርጃ ላይም የመኖሪያ ፈቃድ ለማውጣትም ሆነ ለማደስ ግዴታ ሆኗል። እንግዲህ ያቺን ወረቀት መልሰሽ አስቢያት። «ከእንግዲህ የምጠይቀው የለኝም።» ማዳም በአንድ ቲኬት ልትገዛት የፈለገችው ካሳውን ነው። ቲኬቱም ቢሆን ቸርነት አይደለም።

ስለዚህ አቴ ነገ ዱባይ ወዳለው ቆንስላቸው ትደውል። አል ቁሰይስ ነው፣ ከእናንተ ሩቅ አይደለም፤ የሠራተኞቻቸው ጉዳይ ቢሮም አለው። መሄድ ስለማትችል በስልክ ይጀመር። አገሯ ያለው ቤተሰቧም በኦዋ የስልክ መስመር፣ 1348 ላይ፣ ደውሎ ያስመዝግብ። ከዚያ በፊት አንቺ ስልክሽን አውጪና የሆስፒታሉን ወረቀት፣ ኮንትራቱን፣ መሰላሉን፣ ምንጣፉን፣ ያልተፈረመውንም ወረቀት ካገኘሽው ፎቶ አንሺ። ለእሷም ላኪላት፣ ለቤተሰቧም። ማዳም ፊት ግን አታንሺ፤ አንቺም እንጀራሽ እዚያው ቤት ነው። ምስክር ሁኚ ቢሉሽ ያየሽውን ብቻ ተናገሪ፤ ስትወድቅ አላየሽም፣ ከወደቀች በኋላ ነው ያየሽው።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ፊሊፒናውያን ሠራተኞች መስኮት ሲያጸዱ እየወደቁ ሲሞቱ ቆንስላቸው ጮኸ፤ በፈረንጆቹ ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ በኮንትራቱ ላይ አንድ አንቀጽ ገባ። ከምድር ቤት በላይ ያለ መስኮት በውጭ በኩል የሚጸዳው የተቆለፈ የብረት ፍርግርግ ካለው ብቻ ነው፤ ከእጅ በቀር ሌላ አካል አይወጣም። ከየትኛውም ኢንሹራንስ ይህቺን አንቀጽ እመርጣለሁ። ለመሰላል ግን እንዲህ ያለ አንቀጽ አላየሁም።

«እኔስ?» ላልሽው፣ የእኛው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ፣ ቁጥር 923/2008፣ ኢንሹራንስን አሠሪው ከሚከፍላቸው ወጪዎች ውስጥ ይቆጥረዋል። በኤጀንሲ ከሄድሽ አንቺንም ይመለከታል። ኮንትራቱ ካልተከበረ ኤጀንሲውም ከአሠሪው እኩል ተጠያቂ ነው። እንግዲህ አዲስ አበባ ያለ ዘመድሽ ኤጀንሲው ጋ ሄዶ የኮንትራትሽንና የኢንሹራንሱን ቅጂ ይጠይቅ። «ሲስተም የለም» ቢሉት በማግስቱም ይሂድ። የአቴ ታሪክ አንቺም ላይ እንዳይደርስ፣ መጀመሪያ የምታይው የሚያበቃበትን ቀን ነው። ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ ብለሽኛላ።

ወረቀቷን ከሻንጣ ስታወጡ የኢንሹራንስ ኩባንያውን ስምና ያበቃበትን ቀን ጻፊልኝ። እቴን ሰላም በይልኝ።