ጌም ውስጥ የሚፈስ ውሃ፦ ጠይቁኝ

ሰላም ናችሁ፣ ስራዬ የጌም ውሃ ነው፣ ወንዝ ጎርፍ ምናምን። ፒያሳ ቁጭ ብያለሁ፣ ዋይፋዩ እስከሰራ እመልሳለሁ።

ጥ፦ የቀበናን ወንዝ በጎዶት (ጌም መስሪያ ሶፍትዌር) እየሰራሁ ነው፣ ላፕቶፔ ደህና ጂፒዩ (ምስል የሚያቀናብር ቺፕ) የለውም። ሙሉ ሲሙሌሽን (የውሃውን እንቅስቃሴ በፊዚክስ ማስላት) ልጀምር?

መ፦ ኧረ ተው ወንድሜ! ተጫዋቹ ከድልድይ ላይ ቁልቁል ብቻ የሚያየው ከሆነ ፍሎው ማፕ ይበቃሃል። አንድ ምስል ትስላለህ፣ ቀዩ ቻናል የግራ ቀኙን አረንጓዴው የፊትና የኋላውን ፍጥነት ይይዛል፣ 0.5 ማለት የቆመ ውሃ ነው፣ ሼደሩ (ጂፒዩ ላይ የሚሮጥ፣ ቀለም የሚያሰላ ትንሽ ፕሮግራም) በዛ አቅጣጫ ቴክስቸሩን (የውሃውን ገጽ ምስል) ይገፋዋል። ዝም ብለህ ከገፋኸው ግን እየተለጠጠ ይበላሻል፣ ስለዚህ ሁለት ኮፒ በግማሽ ዙር አራርቀህ ታስኬዳለህ፣ አንዱ ወደ መነሻው ሲመለስ የሱ ድርሻ ዜሮ ስለሚሆን ማንም አያየውም። የጌም ካምፓኒው የቫልቭ ልጆች በፈረንጆቹ 2010 ሲግራፍ በሚባለው የኮምፒውተር ግራፊክስ ጉባኤ ላይ ያቀረቡት ይሄንኑ ነው፣ በዚህ ትንሽ የማሽን ጉልበት ከዚህ የሚያምር አላየሁም።

ጥ፦ ናቪየር ስቶክስ (የፈሳሽ እንቅስቃሴ እኩልታዎች) ሳይፈታ ፊዚክስ ነው ይባላል?

መ፦ አይባልም፣ ግን ተጫዋቹ መች ጠየቀሽ? ተመራማሪው ጆስ ስታም እነዚህን እኩልታዎች ለመፍታት በፈረንጆቹ 1999 ያወጣው ዘዴ ታይም ስቴፑ (በአንድ ስሌትና በሚቀጥለው መሃል ያለው ጊዜ) ቢተልቅም አይፈነዳም፣ ቁጥሮቹ ከቁጥጥር አይወጡም፣ ችግሩ እንቅስቃሴው ቶሎ ይሞትና ውሃሽ እንደ አጥሚት ይወፍራል። የስሌቱን ዋጋም አስቢው፣ ውሃው የሚከፋፈልበት 64 በ64 በ64 ግሪድ 262,144 ሴል (ትንንሽ ኪዩብ) ነው፣ በየአቅጣጫው እጥፍ ስታደርጊው ከ2 ሚሊዮን ያልፋል፣ ይሄ ሁሉ ለአንድ ፍሬም (ስክሪኑ ላይ ለሚወጣ አንድ ምስል) ባለን 16 ሚሊሰከንድ ከሌላው የጌሙ ስራ ጋር። ለጭስ እጠቀመዋለሁ፣ ለወንዝ አልደፍርም።

ጥ፦ ኤስፒኤችስ?

መ፦ በፈረንጆቹ 1977 ለከዋክብት ጥናት የመጣ የፓርቲክል ዘዴ ነው፣ ውሃውን እንደ ብዙ ትንንሽ ቅንጣት ያሰላል። ለሚረጭና ከባልዲ ለሚደፋ ውሃ አሪፍ፣ ለሙሉ ወንዝ አይሆንም።

ጥ፦ የኔ ተጫዋች ድንጋይ ቆልሎ ቦይ መዝጋት ይችላል፣ ውሃው ሞልቶ በጎን እንዲሄድ እፈልጋለሁ።

መ፦ ይሄ ጥያቄ ነው! መሬቱን በካሬ ከፋፍለው፣ እያንዳንዱ ካሬ የመሬቱን ከፍታና የውሃውን ጥልቀት ይያዝ፣ ሁለቱን ደምረህ ከአራቱ ጎረቤቶቹ ጋር ታወዳድራለህ፣ ከፍ ካለው ወደ ዝቅተኛው ይፈሳል። ፍሰቱን ለሚቀጥለው ፍሬም አስቀምጠው፣ ያኔ ነው ውሃው የያዘውን ፍጥነት ይዞ የሚወዛወዘው። ከካሬው የሚወጣው ካለው ውሃ እንዳይበልጥ ግን ገድበው፣ አለዚያ ጥልቀቱ ከዜሮ በታች ወርዶ ሁሉ ነገር ያብዳል። ድንጋይ ሲቀመጥ የመሬቱን ቁጥር ከፍ ታደርጋለህ በቃ፣ መሙላቱም መገንፈሉም በራሱ ይመጣል። ፏፏቴና የሚታጠፍ ማዕበል አይችልም፣ ካሬው አንድ ከፍታ ብቻ ነዋ ያለው፣ እዛ ጋ ፓርቲክል ለጥፍበት።

ጥ፦ ውሃዬ ፕላስቲክ ይመስላል፣ ምን ላድርግ?

መ፦ ሰማያዊ አድርገሽው ይሆናላ። ነሐሴ ላይ ቀበና ድልድይ ቆመሽ እዪው፣ አፈር የጠጣ ቡናማ ነው፣ ታቹ አይታይም። ነጸብራቁን በፍሬኔል (ነጸብራቅ እንደ እይታው ማዕዘን የሚለዋወጥበት ህግ) አድርጊው፣ ቀጥ ብሎ ቁልቁል ሲታይ 2 በመቶ ገደማ ብርሃን ብቻ ነው የሚመልሰው፣ አግድም ሲታይ መስታወት ይሆናል። ከዛ ዳር ዳሩን ቀስ፣ መሃሉን ፈጠን፣ ድንጋይ ጋ አረፋ። የብዙ ሰው ወንዝ ውሸት የሚመስለው ሁሉም ቦታ እኩል ስለሚሮጥ ነው።

ጥ፦ ስልክ ላይ ይሄዳል?

መ፦ ፍሎው ማፑ ይሄዳል። ስልክ የሚጨርሰው ግልጽ (ስሩን የሚያሳይ) ነገር በግልጽ ነገር ላይ ሲደራረብ ነው፣ አንዱ ፒክስል ደጋግሞ ይሳላል። የክረምት ወንዝ እንደሆነ ታቹ አይታይ፣ ግልጽነቱን አጥፋው፣ ማንም አያውቅብህም።