«ኤፍቲፒ ምን ችግር አለው?» ተብላ ለተጠየቀችው የፍኖተ ሰላሟ እህቴ

እህቴ፣ መልእክትሽ ደርሶኛል። ለሌሎች አንባቢዎችም እንዲጠቅም ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው። ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቀሽ ፍኖተ ሰላም ቤተሰብ ጋ ተመልሰሻል። ባሕር ዳር ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ለአይቲ ባለሙያነት ያወጣውን የጽሑፍ ፈተና አለፍሽ። ቃለ መጠይቁ ላይ እንዲህ አሉሽ፦ «ቅርንጫፎቻችን ማታ ማታ ሪፖርት የሚልኩልን በኤፍቲፒ ነው። ምን ችግር አለው? አንቺ ብትሆኚ በምን ትተኪዋለሽ?» «ፋይል ማስተላለፊያ ፕሮቶኮል ነው» (ማሽኖች ፋይል የሚላላኩበት ደንብ ማለት ነው) ብለሽ ከዚያ በላይ አልሄድ አለሽ። አሁን ኔትወርኩን ትቼ ግራፊክስ ልማር ወይ ትይኛለሽ። አባትሽ ደግሞ አዲስ አበባ ሄደሽ ሰርተፍኬት እንድትይዢ በሬ ልሽጥ ብለዋል።

በመጀመሪያ፣ በሬው አይሸጥ። የያዘሽ ጥያቄ ፋይል በገዛ እጁ ከማሽን ወደ ማሽን ልኮ፣ እምቢ ሲለው አይቶ፣ ያስተካከለ ሰው የሚመልሰው ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ቤትሽ አለ፤ የአንቺ ላፕቶፕ፣ «አሮጌ ነው» ያልሽው የወንድምሽ ዴስክቶፕ፣ ከዚያ አንድ የኔትወርክ ኬብል። ሶፍትዌሮቹን አንዴ ኔት ካለበት በፍላሽ ገልብጠሽ አምጪ። ከዚያ በኋላ ኔት ቢቆራረጥም ልምምድሽ አይቆምም። ሁለቱ ማሽኖች የሚነጋገሩት እርስ በርሳቸው ነው።

ግራፊክሱን ከልብሽ ከወደድሽው ተማሪው፣ ጥሩ ሙያ ነው። በአንድ ቃለ መጠይቅ ተደናግጠሽ ከሆነ ግን አራት ዓመት የለፋሽበትን አትጣዪው። አንቺ ካለሽበት መንገድ ላይ ያሉትን ከተሞች አስቢ፤ አማኑኤል፣ ደንበጫ፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ። ባንኩም፣ ብድርና ቁጠባውም፣ ጤና ተቋሙም፣ የገበሬ ዩኒየኑም፣ ወረዳውም ወደ ላይ የሚልከው ፋይል አለው። ብዙው ዛሬም በፍላሽ ነው የሚሄደው። ሠራተኛ ኪሱ ከቶት ይሳፈራል፣ ወይ በቴሌግራም ይላካል። ፍላሹ ቫይረስ ይዞ ይመለሳል። በቴሌግራም የሄደው ማን ስልክ ላይ እንደቀረ አይታወቅም። የሰው ስምና ሒሳብ ያለበት ፋይል እንዲህ ሲንከራተት ሳይ በጣም ያሳስበኛል። ይህን መልክ የሚያስይዝ ሰው ይፈለጋል። ማስታወቂያው «አይቲ ኦፊሰር» ወይም «ሲስተም አድሚኒስትሬተር» ነው የሚለው። ገብተሽ ስትሠሪ ግን ፋይል ማመላለስና መጠበቅ ከሥራሽ አንዱ ዋና ክፍል ይሆናል።

አሁን ወደ ጥያቄው።

ኤፍቲፒ የቆየ ነው። የመጀመሪያውን ሰነድ የኤምአይቲው አብሃይ ቡሻን ያወጣው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬም የሚጠቀስበት መስፈርት በ1985 እ.ኤ.አ. ወጣ። ሲጀመር ኔትወርኩ ላይ የነበሩት ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት ነበሩና ሰው እርስ በርሱ ይተማመናል። ስለዚህ ዩዘርኔሙም፣ ፓስወርዱም፣ ፋይሉም ሳይመሰጠር እንዳለ ይሄዳል።

ይህን በቃልሽ ከመሸምደድ በዓይንሽ እዪው። ዴስክቶፑ ላይ ኡቡንቱ የሚባለውን ነጻ የሊኑክስ ሲስተም ጫኚ፣ ቪኤስኤፍቲፒዲ የሚባለውን ሰርቨር (ፋይል ተቀብሎ የሚያስቀምጠውን ፕሮግራም) ጨምሪበት። ላፕቶፑ ላይ ፋይል የሚልከው ፋይልዚላና ኔትወርኩ ላይ የሚያልፈውን የሚያሳየው ዋየርሻርክ ይኑሩ። ዋየርሻርክን አስነስተሽ፣ ፋይልዚላ ላይ ያልተመሰጠረውን ኤፍቲፒ መርጠሽ ግቢ። «ዩዘር» የሚል መስመር ከስምሽ ጋር፣ ዝቅ ብሎ «ፓስ» የሚል መስመር ከፓስወርድሽ ጋር ታያለሽ፤ ፊደል በፊደል። መሃል መንገድ ላይ የተቀመጠ ሰውም እንዲሁ ያየዋል። ፋይል ልላክ ስትዪ ደግሞ ሰርቨሩ 550 ብሎ ይመልስሻል። አትደንግጪ፣ መጻፍ ሲጫን ጀምሮ ዝግ ስለሆነ ነው። የማስተካከያ ፋይሉን ከፍተሽ ፍቀጂለት። እነዚህን ቁጥሮች መልመድ ጥሩ ነው፤ 530 ስም ወይ ፓስወርድ ተሳስቷል ማለት ነው፣ 226 ደግሞ ፋይሉ አልቆ ገብቷል።

ሁለተኛውን ችግር ብዙ ተመራቂ አያውቀውም፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም በዪ። ኤፍቲፒ የሚሠራው በሁለት መስመር ነው። ትእዛዙ በፖርት 21 ይሄዳል፤ ፖርት ማለት ማሽኑ ላይ ያለ ቁጥር የተሰጠው በር ነው። ፋይሉና የፎልደሩ ዝርዝር ግን በየጊዜው በሚከፈት ሌላ መስመር ነው የሚያልፉት። አክቲቭ በሚባለው የድሮ አሠራር ሰርቨሩ ራሱ ከፖርት 20 ተነስቶ ወደ ክላየንቱ፣ ማለትም ወደ ሰርቨሩ ወደ ገባው የቅርንጫፍ ማሽን ይመጣል። የቅርንጫፉ ራውተርና ፋየርዎል ደግሞ ከውስጥ ያልተጠራን ነገር አያስገቡም፤ የግቢ ጥበቃ የማያውቀውን እንግዳ በር ላይ እንደሚያቆመው ማለት ነው። ውጤቱ ግራ ያጋባል። ሎግኢኑ ይሳካል፣ ዝርዝሩ ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል። ከቅርንጫፍ «ገብቻለሁ ግን ምንም አይታየኝም» የሚል ስልክ ከመጣልሽ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሪ።

መፍትሔው ፓሲቭ የሚባለው አሠራር ነው። ሁለተኛውንም መስመር ክላየንቱ ይከፍታል። ሰርቨሩ የት እንደሚመጣለት ይነግረዋል፦ 227 ብሎ ይጀምርና ቅንፍ ውስጥ ስድስት ቁጥሮች ያስቀምጣል፣ ለምሳሌ 192,168,1,10,195,80። የመጀመሪያዎቹ አራቱ አድራሻው ናቸው። ፖርቱ ያለው በመጨረሻዎቹ ሁለቱ ውስጥ ነው። 195ን በ256 አባዢው፣ 80 ደምሪበት፤ 50000 ይመጣል። ይህን አንዴ ወረቀት ላይ ከሠራሽው፣ ኤፍቲፒ ሰርቨር ያለበት ፋየርዎል ላይ ለምን ከ21 ሌላ የፖርት ክልል እንደሚከፈት ማንም ማስረዳት አይጠበቅበትም። ቅንፉ ውስጥ የሰርቨሩ የውስጥ አድራሻ ከመጣ ደግሞ ከውጭ ያለ ክላየንት እዚያ መድረስ አይችልም። ይህም ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ጣጣ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤፍቲፒ ጽሑፍን የሚልክበት አስኪ የሚባል ሁነታ አለው። ዊንዶውስና ሊኑክስ የመስመር መጨረሻን የሚያመለክቱበት መንገድ ስለሚለያይ መንገድ ላይ ያስተካክለዋል። ምስል ወይም ዚፕ ፋይል በዚህ ሁነታ ከተላከ ይበላሻል። ደርሶ፣ ስሙም ልክ ሆኖ፣ አልከፈት ይላል። እንዲህ ካየሽ ፋይሉን ሳይነካ እንዳለ በሚልከው ባይነሪ ሁነታ ላይ መሆኑን አረጋግጪ።

እንግዲህ በምን ይተካ? እዚህ ላይ ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት ነገሮች ሰውን ያምታታሉ። ኤፍቲፒኤስ ያው ኤፍቲፒ ነው፣ ቲኤልኤስ በሚባለው የግንኙነት ማመስጠሪያ የተመሰጠረ። ሁለቱ መስመሮች አሁንም አሉ። እንዲያውም ትእዛዙ ስለተመሰጠረ ፋየርዎሉ ያንን የ227 መስመር አንብቦ ፖርቱን ራሱ መክፈት አይችልም፣ ስለዚህ ማስተካከሉ ይብሳል። ኤስኤፍቲፒ ግን ከኤፍቲፒ ጋር ዝምድና የለውም። ከሩቅ ማሽን ጋር ተመስጥሮ በሚያገናኘው በኤስኤስኤች ውስጥ የሚሠራ ሌላ ፕሮቶኮል ነው። ኤስኤስኤችን በ1995 እ.ኤ.አ. የጻፈው ፊንላንዳዊው ታቱ ዩሎነን ነው። የሄልሲንኪ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ ፓስወርድ ሲሰረቅ አይቶ ነው የተነሳው። ትእዛዙም ፋይሉም በአንድ ፖርት፣ በ22፣ ተመስጥሮ ያልፋል። በየከተማው የተለያየ ራውተር ላለው መሥሪያ ቤት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። እኔ ብሆን ለቅርንጫፎች የምመርጠው ኤስኤፍቲፒን ነው። ኤፍቲፒኤስን የምነካው የምንገናኘው ሌላ ድርጅት እሱን ብቻ የሚቀበል ከሆነ ነው።

ልምምድሽን ወደዚያ አሻግሪው። ዴስክቶፑ ላይ ኤስኤስኤች ሰርቨር ጫኚ። በፓስወርድ መግባቱን ከሞከርሽ በኋላ በቁልፍ፣ ማለትም በፓስወርድ ፋንታ በሚያገለግሉ ጥንድ ፋይሎች፣ ወደ መግባት ሂጂ። የግል ቁልፉ ላፕቶፑ ላይ ይቀራል፣ የሕዝብ ቁልፉ ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ ስትገናኚ የሰርቨሩን አሻራ (ማንነቱን የሚለይ አጭር ኮድ) አሳይቶ «ታምኚዋለሽ?» ብሎ ይጠይቅሻል። ብዙ ሰው ሳያነብ እሺ ይለዋል። አንቺ አሻራውን ዴስክቶፑ ላይ ካለው ጋር አስተያዪ፤ እዚያው አጠገብሽ ነው።

ቀጥሎ «ቡሬ» እና «ደንበጫ» የሚሉ ሁለት ተጠቃሚዎች ክፈቺ። እያንዳንዱ የራሱን ፎልደር ብቻ ይይ፣ የሌላውን አይይ። ይህን ስታደርጊ ግንኙነቱ ወዲያው እየተቋረጠ ያስቸግርሻል ብዬ እገምታለሁ። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ተጠቃሚው የሚታጠርበት ፎልደር ባለቤቱ ሩት የሚባለው የማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ መሆን አለበት፣ ሌላ ሰው ሊጽፍበትም አይገባም። አለዚያ ሰርቨሩ አያስገባም። እንግዲህ ለመላኪያ ውስጡ ሌላ ፎልደር ትሠሪና ያንን ለተጠቃሚው ትሰጪዋለሽ። የሰርቨሩን ሎግ (የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል) ከፍተሽ ምክንያቱን ራስሽ አንብቢው። ሎግ ማንበብ የለመደ ሰው ቢሮ ውስጥ ቶሎ ይታወቃል።

ከዚያ የእኛን አገር ሁኔታ አስገቢበት። 2 ጊጋባይት ፋይል በሰከንድ 4 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ስንት ሰዓት ይፈጃል? 2 ጊጋባይት 2000 ሜጋባይት ነው፣ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 16000 ሜጋቢት ይሆናል፣ ለ4 ሲካፈል 4000 ሰከንድ፣ ማለትም ከአንድ ሰዓት በላይ። በዚያ መሃል መብራት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ትልቅ ፋይል እየላክሽ ሆን ብለሽ ኬብሉን ንቀዪው። መልሰሽ ስትሰኪው ከቆመበት ይቀጥላል ወይስ ከዜሮ? ሰርቨሩ ላይ የቀረው ግማሽ ፋይል ምን ይመስላል? ዋና መሥሪያ ቤት ያለው ሰው ያንን ግማሽ እንደ ሙሉ ቆጥሮ ሪፖርት ቢሠራበት ጉዳቱ ቀላል አይደለም። መድኃኒቱ ፋይሉን በጊዜያዊ ስም መላክና ሲያልቅ ትክክለኛ ስሙን መስጠት ነው። ዊንዶውስ ላይ የሚሠራው ዊንኤስሲፒ ለትልልቅ ፋይሎች ይህን በራሱ ያደርግልሻል፣ ከተቋረጠበትም ይቀጥላል። መድረሱን ደግሞ ከፋይሉ ይዘት መለያ ቁጥር በሚያወጣው በሻ-256 አረጋግጪ። ሁለቱም ማሽኖች ላይ የወጣው ቁጥር አንድ ከሆነ ፋይሉ አንድ ነው።

አርሲንክንም አትርሺ። በ1996 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ አንድሩ ትሪጀልና ፖል ማከራስ የሠሩት የፋይል መላኪያ ፕሮግራም ነው። ፋይሉ ላይ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ይልካል። ቀን በቀን ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ለሚሄድ ትልቅ ፋይል፣ በደካማ መስመር ላይ፣ ከእሱ የተሻለ አላውቅም። በኤስኤስኤች ውስጥ ስለሚያልፍ ያዘጋጀሽው ቁልፍ ይበቃዋል።

የቀሩትን በወፍ በረር እለፊያቸው። ቲኤፍቲፒ በዩዲፒ (መድረሱን ሳያረጋግጥ በሚልክ አሠራር) ፖርት 69 የሚሠራ፣ ፓስወርድ የሚባል ነገር የሌለው ነው። ራውተርና ስዊች ላይ ሶፍትዌር ለመጫን ወይም ኮንፊገሬሽን ለማስቀመጥ ይውላል፣ ከውስጥ ኔትወርክ እንዳይወጣ። ኤስኤምቢ ቢሮ ውስጥ ሼርድ ፎልደር የምንለው ነው፣ ፖርት 445። ወደ ኢንተርኔት በጭራሽ አትክፈቺው። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዓለምን ያመሰው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተሰራጨው በእሱ በኩል ነው። ብሮውዘሮችም ኤፍቲፒን ትተውታል፤ ክሮምና ፋየርፎክስ በ2021 እ.ኤ.አ. አውጥተው ጥለውታል።

ይህን ሁሉ ስትሠሪ ደብተር ያዢ። የጻፍሽው ትእዛዝ፣ የወጣው ስህተት፣ ያስተካከልሽበት መንገድ። ከዚያ ሲቪሽ ላይ «የኔትወርክ ዕውቀት አለኝ» የምትለውን መስመር አጥፊያት፣ ምንም አትናገርም። በምትኩ «ለሁለት ቅርንጫፎች የሙከራ ኤስኤፍቲፒ ሰርቨር አዘጋጅቻለሁ፤ በቁልፍ መግቢያ፣ በተለያየ ፎልደር» ብለሽ ጻፊ። የቤት ሙከራ መሆኑን አትደብቂ። ጠያቂዎችሽ ከዚያ መስመር ተነስተው ይጠይቁሻል፣ አንቺም የሠራሽውን ነው የምትናገሪው። ሰርተፍኬቱ ይደርሳል፤ ሥራ ይዘሽ ከደመወዝሽ ብትከፍዪለት ይሻላል።

ያንኑ ጥያቄ ደግመው ቢያቀርቡልሽ በራስሽ ቃል እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «ኤፍቲፒ ፓስወርዱንም ፋይሉንም ሳይመሰጥር ይልካል፣ በሁለት መስመር ስለሚሠራም የቅርንጫፍ ፋየርዎሎች ላይ ያስቸግራል። በኤስኤፍቲፒ እተካዋለሁ። ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱ ተጠቃሚና ቁልፍ እሰጣለሁ። ፋይሉ በጊዜያዊ ስም ሄዶ ሲያልቅ ስሙ ይለወጣል፣ በሻ-256 ይረጋገጣል። መጀመሪያ በአንድ ቅርንጫፍ እሞክረዋለሁ፤ እሱ እስኪረጋጋ የሌሎቹን ኤፍቲፒ አልዘጋም። አሁን ስንት ቅርንጫፍ አላችሁ? የማታው ፋይልስ መጠኑ ምን ያህል ነው?»