ሰዓቱ ሞልቶ ርቀቱ ሲጎድል
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የበረራ ትምህርት

ጥያቄ፦ የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የምኖረው በሰሜን ቨርጂኒያ ነው። የግል አብራሪ ፈቃዴን ካገኘሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ አሁን ለንግድ አብራሪነት ፈቃድ እየተዘጋጀሁ ነው። በአሜሪካ ፌዴራል የበረራ ደንብ ክፍል 61 መሠረት 250 ሰዓት፣ ከእሱም ውስጥ 50 ሰዓት የአገር አቋራጭ በረራ እንደሚያስፈልገኝ ስለማውቅ፣ ሌሊት ታክሲ እየነዳሁ፣ እቁብ ሲደርሰኝም ገንዘቡን ለአውሮፕላን ኪራይ እየከፈልኩ ሰዓቱን ሞላሁ። ለፈተና ሊያቀርበኝ የነበረው አዲሱ አስተማሪዬ ግን የበረራ መዝገቤን መርምሮ፣ 58 ነው ያልኩት የአገር አቋራጭ ሰዓት 37 ብቻ መሆኑን ነገረኝ። እዚሁ ቨርጂኒያ ካለችው ማናሳስ ተነሥቼ ፍሬድሪክ፣ ሜሪላንድ እያረፍኩ በ14 ደርሶ መልስ ያጠራቀምኩት 21 ሰዓት ለፈቃዱ አይቆጠርም አለኝ። ቀድሞ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ግን ሌላ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ እስካረፍኩ ድረስ በረራው አገር አቋራጭ እንደሚባል ነግሮኝ ነበር። በዚህ ላይ ወደ ዊልሚንግተን፣ ሰሜን ካሮላይና ያደረግኩት፣ ለፈቃዱ የሚጠየቀው ረጅም በረራ፣ ጓደኛዬን አሳፍሬ ስለነበር እንደገና መደረግ አለበት ተባልኩ። ይህ ሁሉ እውነት ነውን? ከሆነስ ከየት ልጀምር?
አንባቢ፣ ከቨርጂኒያ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሌሊት ተሠርቶበት የተገኘ ገንዘብ ለማይቆጠር ሰዓት መዋሉን መስማት ልብ ይነካል፤ ሆኖም አዲሱ አስተማሪዎ በሁለቱም ነገር ትክክል ናቸው። የቀድሞው ትምህርት ቤት የነገረዎትም ፍጹም ሐሰት አይደለም፤ ጎዶሎ እውነት ነው፣ ጉዳቱም ከዚሁ የመጣ ነው። ደንቡ አገር አቋራጭ በረራን የሚተረጉመው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። በጠቅላላው ትርጉም፣ ከተነሡበት ሌላ ቦታ ላይ ያረፉበትና መንገድዎን በካርታ፣ በስሌት ወይም በመሣሪያ እየመሩ የሄዱበት በረራ ሁሉ አገር አቋራጭ ይባላል፣ በመዝገብም እንዲሁ ሊጻፍ ይችላል። ያ ሰዓት ለግል ፈቃድ፣ ለንግድ ፈቃድ ወይም ለመሣሪያ በረራ ብቃት (ውጭውን ሳያዩ በመሣሪያ ብቻ ለመብረር ለሚሰጠው ፈቃድ) መሟያ እንዲሆን ሲፈለግ ግን፣ ካረፉባቸው ቦታዎች ቢያንስ አንዱ ከመጀመሪያው መነሻ በቀጥታ መስመር ሲለካ ከ50 ኖቲካል ማይል፣ ማለትም ከ92 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ መራቅ አለበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «በቀጥታ መስመር» በሚለው ሐረግ ላይ ነው። ከማናሳስ እስከ ፍሬድሪክ ያለው ቀጥታ ርቀት 42 ኖቲካል ማይል ያህል ነው። ያ መስመር በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አናት ላይ ስለሚያልፍ፣ በዓይን እያየ የሚበር አነስተኛ አውሮፕላን አብዛኛውን ጊዜ በምዕራብ በኩል ዞሮ ይሄዳል። በመሆኑም የበረሩት መንገድ 50 ማይልን ያለፈ መስሎ ቢታይዎት አይፈረድብዎትም፤ ደንቡ ግን ክንፍዎ የተጓዘበትን መንገድ ሳይሆን በካርታው ላይ በማስመሪያ የሚሰመረውን ርቀት ነው የሚያየው። በኛ ቋንቋ «አገር አቋራጭ» ስንል ትዝ የሚለን ክፍለ ሀገር የሚሄደው አውቶብስ ነው፤ አውቶብሱ በጠመዝማዛው መንገድ የሄደው ኪሎ ሜትር ሁሉ ይቆጠርለታል። በአየር ላይ እንዲህ ያለ ቆጠራ የለም። ፍሬድሪክን ትተው ወደ ሄገርስታውን ቢሄዱ ኖሮ 60፣ ወደ ቻርሎትስቪል ቢሄዱ ኖሮ 56 ኖቲካል ማይል ያህል ስለሚሆን፣ በጥቂት ደቂቃ ልዩነት ሰዓቱ ሁሉ ይቆጠርልዎት ነበር።

ተስፋ ከመቁረጥዎ በፊት ግን መዝገብዎን አንድ በአንድ ይመልከቱ። ደንቡ እያንዳንዱ እግር፣ ማለትም ከአንዱ ማረፊያ እስከ ቀጣዩ ያለው ጉዞ፣ ከ50 ማይል እንዲበልጥ አይጠይቅም። ከእነዚያ 14 በረራዎች በአንዱ ከፍሬድሪክ ቀጥለው ሄገርስታውን አርፈው ተመልሰው ከሆነ፣ ሄገርስታውን ከማናሳስ ከ50 ማይል በላይ ስለሚርቅ የዚያ በረራ ሰዓት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይቆጠራል። ማረፊያው በመዝገቡ ላይ ካልተጻፈና የኪራይ ወይም የነዳጅ ደረሰኝ ካላስረዳ ግን በትዝታ ብቻ አይሙሉት፤ በፈታኝ ፊት የሚቀርብ መዝገብ ላይ የተገኘ ሐሰት፣ የጎደለውን ሰዓት ቀርቶ ያለዎትንም ፈቃድ ሊያሳጣዎት ይችላል።

ሌላም የሚያገኙት ሰዓት ሊኖር ይችላል። የሚፈለገው 50 ሰዓት በአዛዥ አብራሪነት፣ ማለትም የበረራው ኃላፊ ሆነው፣ የተበረረ መሆን አለበት። ተማሪ ሳሉ ብቻዎን ያደረጓቸው የአገር አቋራጭ በረራዎች በአዛዥነት ይቆጠራሉ። የግል ፈቃድዎን ካገኙ በኋላም አስተማሪ አጠገብዎ ተቀምጦ መሪውን እርስዎ ብቻ የያዙበት ጊዜ፣ አውሮፕላኑ ፈቃድዎ የሚሸፍነው ዓይነት እስከሆነ ድረስ፣ በአዛዥነት ሊመዘገብ ይችላል። ብዙ ተማሪዎች ይህን ከአስተማሪ ጋር የበረሩትን ሰዓት «ትምህርት ነው» ብለው ይዘሉታል። የመሣሪያ በረራ ብቃትም ይህንኑ 50 ሰዓት ስለሚጠይቅ፣ አንዱ ሰዓት ለሁለቱም ያገለግላል።

ወደ ዊልሚንግተኑ በረራ ልመለስ። ለባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ፈቃድ፣ በጠቅላላው ከ300 ኖቲካል ማይል የማያንስ፣ ቢያንስ በሦስት ቦታዎች የሚታረፍበት፣ ከቦታዎቹም አንዱ ከመነሻው በቀጥታ መስመር 250 ማይል ወይም ከዚያ በላይ የሚርቅ አንድ በረራ ያስፈልጋል። በሃዋይ ደሴቶች ብቻ ይህ 250 ወደ 150 ዝቅ ይላል። ከማናሳስ እስከ ዊልሚንግተን 267 ማይል ያህል ስለሆነ፣ ርቀቱን በሚገባ መርጠዋል። ችግሩ በረራው የሚገኝበት የደንቡ አንቀጽ የሚናገረው ስለ 10 ሰዓት የብቻ በረራ መሆኑ ነው፤ ያንን ሰዓት ወይ ከእርስዎ በቀር ማንም ሳይኖር፣ ወይም አስተማሪ ተሳፍሮ እርስዎ የአዛዥነቱን ሥራ እየሠሩ መብረር ይኖርብዎታል። ጓደኛ ከሁለቱም አይደለም፤ እሱም አብራሪ ቢሆን እንኳ አይደለም። ይሁን እንጂ ያ ሰዓት አልጠፋም፤ እርስዎ አዛዥ ስለነበሩ ከ50ው የአገር አቋራጭ ሰዓት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይቆጠራል።

አሁን የጎደለዎት 13 ሰዓት ነው። ይህን ሰዓት በየሳምንቱ በትንንሽ በረራ ከመሙላት ይልቅ፣ ከማይቀሩልዎት በረራዎች ጋር አጣምረው እንዲጨርሱት እመክርዎታለሁ። ረጅሙን የብቻ በረራ በማናሳስ፣ በራሊ፣ በዊልሚንግተንና መልሶ በማናሳስ ቢያደርጉት 555 ማይል ያህል ይሆናል፤ በተለመደው አነስተኛ አውሮፕላን፣ በሴስና 172፣ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ሦስተኛውን ማረፊያ ከቤትዎ ውጭ፣ ለምሳሌ ሪችመንድ አካባቢ ካሉት አነስተኛ ማረፊያዎች በአንዱ ያድርጉት፤ የመነሻው ማረፊያ ከሦስቱ አንዱ ሆኖ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚል ክርክር በፈተና ቀን አያስፈልግዎትም። ማናሳስ በዋሽንግተን ልዩ የበረራ ክልል ውስጥ መሆኑን፣ ወደ ደቡብ ሲሄዱም ኳንቲኮ አካባቢ የተከለከለ የአየር ክልል እንዳለ አይዘንጉ። ደንቡ በቀን የ30 ደቂቃ፣ በሌሊት የ45 ደቂቃ ትርፍ ነዳጅ ይጠይቃል፤ እኔ ግን ብቻውን ረጅም መንገድ የሚሄድ ተማሪ ከአንድ ሰዓት በታች ነዳጅ ይዞ እንዲያርፍ ፈቅጄ አላውቅም።

ከዚህ ሌላ ከአስተማሪ ጋር የሚደረጉ ሁለት የአገር አቋራጭ በረራዎች አሉ፤ አንዱ በቀን፣ አንዱ በሌሊት፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ ሁለት ሰዓት የሚፈጁና ከመነሻው በቀጥታ መስመር ከ100 ማይል በላይ የሚርቁ። እዚህ ላይ ርቀቱ ሞልቶ ሰዓቱ የሚጎድልበት ጊዜ አለ። ኒውፖርት ኒውስ ከማናሳስ 107 ማይል ያህል ስለሆነች ተማሪዎች ይመርጧታል፤ ደርሶ መልሱ ግን ሁለት ሰዓት ላይሞላ ይችላል። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ እንዲህ ባለ መንገድ የሌሊቱን በረራ ጨርሼ ሞተር ሳጠፋ ቆጣሪው 1.9 ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ለስድስት ደቂቃ ስል ሙሉውን በረራ ከእንደገና ከፈልኩ። ኖርፎክ 126፣ ሊንችበርግ 115 ማይል ያህል ይርቃሉ። ሊንችበርግ ከብሉ ሪጅ ተራሮች ጥግ ስለሆነች ለቀኑ በረራ ትሁንልዎ፣ ለሌሊቱ ኖርፎክን ይያዙ። ረጅሙ በረራና እነዚህ ሁለቱ ከ13ቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ያህሉን ይሸፍናሉ፤ ቀሪውን ወደ ቻርሎትስቪል ወይም ወደ ሄገርስታውን በሁለትና ሦስት በረራ ይጨርሱታል።

ጓደኛሞች ተራ በተራ ውጭውን እንዳያዩ የሚከልል ዓይን መጋረጃ እያደረጉ አንዱ ለሌላው ውጭውን የሚያይለት ጠባቂ አብራሪ በመሆን ሰዓት ሲካፈሉ አይቻለሁ። ጠባቂው የአዛዥነት ሰዓት ሊመዘግብ የሚችልበት ሁኔታ አለ፤ የአገር አቋራጭ ሰዓት ግን አይመዘግብም፣ ከመነሣት እስከ ማረፍ በረራውን ያካሄደው እሱ አይደለምና። በዚህ መንገድ 13ቱን ሰዓት በርካሽ ላግኝ ካሉ ዳግመኛ ያዝናሉ።

መዝገቡንም ከዛሬ ጀምሮ በሌላ አኳኋን ይጻፉት። «ከማናሳስ እስከ ማናሳስ» የሚል መስመር ለፈታኙ ምንም አይነግረውም። ያረፉበትን ቦታ ሁሉ በቅደም ተከተል፣ በአስተያየት ረድፉም ከመነሻው እጅግ የራቀውን ማረፊያና ቀጥታ ርቀቱን በኖቲካል ማይል ይጻፉ። ረጅሙን በረራ ሲመዘግቡ «ብቻዬን» የሚለውን ቃል ያስገቡበት። በሌሊት የሚፈለጉትን 10 መነሣትና 10 ማረፍ የሚለማመዱትም የመቆጣጠሪያ ማማው ሥራ ላይ ባለበት ሰዓት መሆን ስላለበት፣ ማናሳስ ላይ ማማው ከመዘጋቱ በፊት መጨረስዎን በዚያው ረድፍ ያመልክቱ።

ጥያቄ፦ ለአዘጋጁ፣ እኔ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። አሜሪካ ሄጄ የንግድ አብራሪ ፈቃድ አግኝቼ ለመመለስ አስባለሁ። የአገር አቋራጩ መስፈርት እዚህ ካለው ጋር ይጣጣማልን?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህታችን፣ ዓለም አቀፉ ዝቅተኛ መስፈርት የቺካጎ ስምምነት በሚባለው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት አባሪ 1 ላይ ተጽፏል፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። አባሪው በአዛዥነት የተበረረ 20 ሰዓት የአገር አቋራጭ በረራ፣ ከእሱም ውስጥ በጠቅላላው ከ540 ኪሎ ሜትር የማያንስና በሁለት የተለያዩ ማረፊያዎች ሙሉ በሙሉ ቆመው የሚያርፉበት አንድ በረራ ይጠይቃል። በአገራችን ካርታ ለማሰብ ያህል፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር 334 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ባሕር ዳርና ጎንደር ላይ አርፈው ቢመለሱ ከበቂ በላይ ይሆናል። የአሜሪካው 50 ሰዓትና 300 ኖቲካል ማይል (ከ555 ኪሎ ሜትር በላይ) ከዚህ ይበልጣል። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፦ የአሜሪካው ደንብ ለዚያ ረጅም በረራ «ማረፍ» ብቻ ስለሚል፣ አንዳንድ ተማሪ ጎማ አስነክቶ ወዲያው ይነሣል። እርስዎ በየማረፊያው ሙሉ በሙሉ ቆመው ይረፉ፣ መቆምዎንም በመዝገቡ ላይ ይጻፉ። ፈቃዱን የሚለውጥልዎት የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ፣ ለትምህርት ቤት ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ምን ማስረጃ እንደሚፈልግ በደብዳቤ ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይያዙ።