ሚስቱን ያልረሳው ሰላይ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

(በዚህ ዓምድ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ከጀምስ ቦንድ ፊልሞች ሁሉ አብልጬ የምወደው በ1969 የወጣውን፣ ጆርጅ ላዘንቢ የተወነበትን «ኦን ኸር ማጀስቲስ ሲክሬት ሰርቪስ» ነው። ይህን በተናገርኩ ቁጥር ጓደኞቼ ይስቁብኛል፤ «ሰውየው ተዋናይ እንኳ አልነበረም፤ አንድ ፊልም ሠርቶ የተባረረ ነው» ይሉኛል። ፊልሙ በእርግጥ የሚሟገቱለት ነገር አለው ወይስ የእኔ ነገር የልጅነት ትዝታ ብቻ ነው?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በሚገባ የሚሟገቱለት ፊልም ነው፤ እኔም ከተከታታዩ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህንኑ ነው። አስቀድመን የጓደኞችዎን ስሕተት እናርም። ላዘንቢ አልተባረረም፤ ፊልሙ ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት ሌላ የቦንድ ፊልም እንደማይሠራ ያስታወቀው እሱ ራሱ ነው። ተዋናይ አልነበረም ማለታቸው ግን እውነት ነው። አውስትራሊያዊ የማስታወቂያ ሞዴል የነበረው ይህ ሰው፣ ሾን ኮነሪ በአምስት ፊልሞች የራሱ ባደረገው ቦታ ላይ የተተካው ገና በ29 ዓመቱ ነው። ቦንድ ሌላ ሰው መስሎ ወደ ጠላቱ ምሽግ በሚገባበት ክፍል የምንሰማው ድምፅ እንኳ የላዘንቢ ሳይሆን የተዋናይ ጆርጅ ቤከር ነው። ይህ ድክመት ነው፤ ፊልሙን የምንወድ ሰዎች ልንሸፍነው አይገባም።

ነገር ግን የላዘንቢ ልምድ ማነስ ለዚህ ታሪክ የጠቀመው ይመስለኛል። ኮነሪ ምንም ቢደርስበት እንደሚያመልጥ ተመልካቹ አስቀድሞ ያውቃል፤ ላዘንቢ ግን ሲፈራ ያስፈራል። ቦንድ ከተራራው አናት በበረዶ ሸርተቴ አምልጦ መንደሩ የሚደርሰው በገና ዋዜማ ነው። አሳዳጆቹ በሕዝቡ መካከል ይፈልጉታል፤ የድብ ልብስ የለበሰ ሰው ድንገት የካሜራ ብልጭታ ሲያበራበት ክው ይላል። ከዚያም በሸርተቴ መጫወቻው ዳር ካለ ወንበር ላይ አቀርቅሮ፣ የሚያደርገው ጠፍቶት ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ ሁለት የሸርተቴ ጫማዎች መጥተው ፊት ለፊቱ ይቆማሉ፤ ቀና ሲል ትሬሲ ናት። በዳያና ሪግ የተወከለችው ይህች ሴት በዚያች ሌሊት የምታድነው እንጂ የሚያድናት አይደለችም፤ ሊያገባት መወሰኑም ከዚህ በኋላ የሚታመን ይሆናል።

ዳይሬክተሩ ፒተር ሀንት ቀደም ሲል የመጀመሪያዎቹን የቦንድ ፊልሞች በኤዲተርነት የሠራ ሰው ስለነበር፣ የድብድቡና የማሳደዱ ክፍሎች ዛሬም ፍጥነታቸው አልደበዘዘም። የቦንድ ጠላት የብሎፌልድ ምሽግም በስቱዲዮ የተሠራ አይደለም፤ በስዊዘርላንድ በ2,970 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በሺልትሆርን ተራራ ጫፍ የሚገኝ፣ በዚያን ጊዜ ግንባታው ያላለቀ ምግብ ቤት ነው። ፊልም ሠሪዎቹ ለማጠናቀቂያው አስተዋጽኦ አድርገው ቀረጻቸውን አካሂደውበታል፤ ከታሪኩ ያገኘውን «ፒዝ ግሎሪያ» የሚለውን ስም እስካሁን ይዞት ይገኛል።

የመጨረሻውን ትዕይንት ጓደኞችዎ በጥሞና አይተውት እንደሆነ ይጠይቁልኝ። ሙሽሮቹ በጉዞ ላይ ሳሉ ቦንድ መኪናው ያጌጠበትን አበባ ለማንሳት መንገድ ዳር ይቆማል። ሌላ መኪና ተኩስ ከፍቶባቸው ያልፋል። ቦንድ ለማሳደድ ተጣድፎ ሲገባ ትሬሲ ከአጠገቡ ሞታ ያገኛታል። የትራፊክ ፖሊስ ሲመጣ፣ ራሷን እንዳቀፈ፣ እያረፈች እንደሆነና የሚያስቸኩል ነገር እንደሌለ ይነግረዋል። ከዚያ በኋላ የምናየው በጥይት የተበሳውን የመኪና መስታወት ብቻ ነው። በዚህ መልክ የሚያልቅ የቦንድ ፊልም ከዚያ በፊት አልነበረም፤ በ1969 ተመልካቹ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

ጥያቄ፦ በ1989 የወጣው የቲሞቲ ዳልተን «ላይሰንስ ቱ ኪል» የቦንድ ፊልም ሳይሆን የዕፅ ነጋዴዎች ፊልም ይመስለኛል። ጭካኔው በዝቷል፤ ቦንድም ቀልድ አያውቅም። ወዳጆቹ የሚወዱለት ምኑን ነው?
አንባቢ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ

መልስ፦ ጭካኔው መብዛቱን አልክድም፤ በብሪታንያ ከ15 ዓመት በታች ለሆኑ የተከለከለ የመጀመሪያው የቦንድ ፊልም ይኸው ነው። «የቦንድ አይደለም» የሚለውን ግን አልቀበልም። የቦንድ ወዳጅ ፊሊክስ ሌይተር ለሻርክ የሚጣልበት ያ ዘግናኝ ክፍል የመጣው፣ ኢያን ፍሌሚንግ በ1954 ካሳተመው ከሁለተኛው የቦንድ ልብ ወለድ ነው። ዳልተንም ወደ መጻሕፍቱ ተመልሶ፣ ሥራው ያደከመውንና ቁጣው ከላይ ከላይ የማይቀረውን ሰው ለማግኘት የጣረ ተዋናይ ነው።

ለእኔ የፊልሙ ቁልፍ ያለው ግን ከሻርኩ በፊት፣ በሌይተር ሠርግ ላይ ነው። ሙሽራዋ ዴላ ቀጣዩ ሙሽራ አንተ ነህ ብላ ስትቀልድበት የቦንድ ፊት ይጠቁራል፤ አንድም ቃል ሳያብራራ ይሰናበታታል። ባሏም ቦንድ ከብዙ ጊዜ በፊት አግብቶ እንደነበር ይነግራታል። የትሬሲ ስም አይነሳም፤ ሆኖም ከሰዓታት በኋላ ያቺ ሙሽራ ስትገደል ቦንድ የአለቆቹን ትእዛዝ ጥሶ ለምን ብቻውን እንደሚዘምት፣ የ1969ኙን ፊልም ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። በዕለቱ ከሙሽሮቹ በስጦታ የተቀበላትን የሲጋራ መለኮሻም በፊልሙ መጨረሻ ላይ ያወጣታል፤ ምን እንደሚያደርግባት ላላዩት አልናገርም። ይህን ፊልም «ቀልድ የለውም» ብለን ስንነቅፈው፣ ሐዘንተኛን ለምን አትስቅም እንደማለት ይሆንብናል።

ጥያቄ፦ ሮጀር ሙር ለእኔ የሚያስቅ ቦንድ ብቻ ነው። ሐሳቤን ሊያስለውጥ የሚችል አንድ ፊልም ቢጠቁሙኝ?
አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ በ1981 የወጣውን «ፎር ዩር አይስ ኦንሊ» ይመልከቱ። የሚጀምረው ቦንድ በትሬሲ መቃብር ላይ አበባ ሲያስቀምጥ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው የሄሊኮፕተር ትርዒት ያንን ጸጥታ በቀልድ ስለሚያበላሸው አዝናለሁ፤ እሱን ታግሰው ይለፉት። ከዚያ በኋላ የሙር ቦንድ በተአምረኛ መሣሪያዎች አይመካም። ዘመናዊ መኪናው ገና በጊዜ ፈንድታ በአንዲት ትንሽ ቢጫ ሲትሮየን ያመልጣል። በግሪክ ሜቴኦራ፣ ከቋጥኝ አናት ላይ ወደተሠራ ገዳም ሲወጣ ደግሞ ጠላቱ ገመዱ የታሰረባቸውን ብረቶች አንድ በአንድ እየመታ ይነቅላቸዋል። ከታች የተንጠለጠለው ቦንድ በእጁ የቀረው የጫማው ማሰሪያ ነው፤ ፈትቶ በገመዱ ላይ ይቋጥረውና እየተሳበ ሽቅብ ይወጣል።