ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ለቤት ኮምፒውተር፦ ጠይቁ፣ ካቻቪቴ ይመልሳል

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ዴስክቶፕ መጠገን ነው። ሰሞኑን ደጋግሜ የምጠየቀው «ሃርድ ዲስኬ ሞላ፣ ሌላ ልጨምር ወይ?» የሚለውን ነው። ዛሬ ጊዜ አለኝ፣ ጥያቄያችሁን አምጡ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል። ኬዙን ከመክፈታችሁ በፊት የማይተካውን ፎቶና ሰነድ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ፍላሽ ላይም ይሁን፣ የወንድማችሁ ላፕቶፕ ላይም ይሁን። መጀመሪያ ገልብጡ፣ ከዚያ ክፈቱ።

የጅማው፦ ዴስክቶፔ 500 ጊጋ ነው፣ ሞልቷል። ባለ 1 ቴራ ትልቁን ዲስክ፣ ውስጡ ሳህን የሚሽከረከርበትን፣ ገዛሁ። ኬዝ ከፍቼ አላውቅም። ምን ምን ያስፈልገኛል?

ካቻቪቴ፦ ካቻቪቴ፣ አራት ብሎንና አንድ የሳታ ገመድ፣ ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው። ገመዱ ብዙ ጊዜ ከዲስኩ ጋር አይመጣም፣ ለብቻው ግዛ።

ኮምፒውተሩን አጥፋና ከሶኬት ንቀለው። ከነቀልክ በኋላ ማብሪያውን አንዴ ተጫን፣ ውስጥ የቀረው ኃይል ይውጣ። የኬዙን ጎን ክፈት። ዲስኩን ከመንካትህ በፊት የኬዙን ብረት በእጅህ ንካ። ከዚያ ዲስኩን ከአሮጌው አጠገብ ባዶው ቦታ ላይ አስገባና በሁለቱም ጎን በብሎን እሰረው። ሲሽከረከር ስለሚንቀጠቀጥ ልቅ መሆን የለበትም።

ዲስኩ ጀርባ ላይ ሁለት መሰኪያ ታያለህ። ጠባቡ፣ ባለ 7 ፒኑ፣ የዳታ ነው፤ ወደ ማዘርቦርዱ፣ ሁሉም ወደሚሰካበት ትልቁ ሰሌዳ፣ ይሄዳል። ሰፊው፣ ባለ 15 ፒኑ፣ የፓወር ነው፤ ከፓወር ሰፕላዩ፣ የግድግዳው ገመድ ከሚሰካበት ሳጥን፣ ከሚመጡት ገመዶች አንዱን ትሰካበታለህ። ሁለቱም ጫፋቸው ላይ እጥፍ አላቸው፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚገቡት። እምቢ ካለ ገልብጠህ ሞክር እንጂ አትግፋው። ያቺ ፕላስቲክ ከተሰበረች ዲስኩን ለማዳን ትልቅ ሥራ ነው። ፎቶህን ገልብጠሃል አይደል?

ሸገር፦ በዚህ ዘመን ትልቁን ዲስክ ምን ያደርግለታል? ኤስኤስዲ ይግዛ እንጂ፣ በቺፕ የሚሠራውን፣ የሚሽከረከር ነገር የሌለውን።

ካቻቪቴ፦ ገዝቷል እኮ ወንድሜ። የጠየቀው አገጣጠሙን ነው።

ተማሪ ነኝ፦ የእኔ ሃርድ ዲስክ አያነብም። ምን ላድርግ?

ካቻቪቴ፦ የትኛው? አዲስ ነው አሮጌ? ድምፅ አለው? ባዮስ ላይ፣ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት በሚከፈተው ገጽ፣ ይታያል? እነዚህን መልስና እንነጋገራለን።

የመርካቶ ደንበኛ፦ ኮምፒውተሬ ላይ ሲ እና ዲ አለኝ። ሲ ላይ ዊንዶውስ፣ ዲ ላይ ፎቶዎቼ ናቸው። ስለዚህ ሁለተኛ ዲስክ አለኝ ማለት ነው?

ካቻቪቴ፦ አይደለም። ይህን ጥያቄ ስላመጣህ ግን አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

አብዛኛው ቤት ያለው ሲ እና ዲ አንድ ዲስክ ነው፣ ለሁለት የተከፈለ። አንድ ክፍል ቤት በመጋረጃ ቢከፈል ሁለት ቤት አይሆንም፣ ጣሪያው ሲያፈስ ሁለቱም ወገን ይረጥባል። ዲ ላይ ማስቀመጥ የሚጠቅመው ዊንዶውስ ተበላሽቶ ሲ ፎርማት ሲደረግ ነው። ዲስኩ ራሱ ሲሞት ግን ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። «ዲ ላይ ነበር እኮ ያስቀመጥኩት!» ብሎ እጁን ጭንቅላቱ ላይ የጫነ ሰው ስንቱን አይቻለሁ።

ለማረጋገጥ የዊንዶውስን ቁልፍና ኤክስን አንድ ላይ ተጫንና ዲስክ ማኔጅመንትን ክፈት። ከታች በግራ በኩል «ዲስክ 0» ብቻ ካለ፣ ፊደሉ አምስት ቢሆንም ያለህ አንድ ዲስክ ነው።

የመርካቶ ደንበኛ፦ ደነገጥኩ። አንድ ብቻ ነው ያለው።

ካቻቪቴ፦ ዛሬውኑ ገልብጥ።

ካሜራዬ፦ እኔ የሠርግ ቪዲዮ እሠራለሁ። ሁለተኛ ዲስክ ገጥሜ የድሮውን ሁሉ ወደዚያ ላዘዋውርና የመጀመሪያውን ባዶ ላደርገው ነው። ባክአፕ ሆነ ማለት ነው?

ካቻቪቴ፦ አልሆነም! አንድ ፋይል በሁለት ቦታ ሲኖር ነው ባክአፕ የሚባለው። ከአንዱ ወደ ሌላው ካዛወርከው አሁንም በአንድ ቦታ ነው ያለው።

አንተ በዚህ ሙያ ስላለህ አንድ ያየሁትን ልንገርህ። እንዳንተ ሠርግ የሚቀርፅ ልጅ ነበር። ዊንዶውሱ ትንሽ ኤስኤስዲ ላይ፣ ቪዲዮዎቹ ባለ 1 ቴራ ዲስክ ላይ ናቸው። ያው ዓይነት፣ ያው 1 ቴራ፣ ሌላ ዲስክ ገዝቶ ራሱ ገጠመ። ከዚያ በፊት አሮጌው «ዲስክ 1» ነበር። ስለዚህ አዲሱ «ዲስክ 2» መሆን አለበት ብሎ ደመደመ። ቁጥሩ ግን ዲስኩ የተሰካበትን ቀዳዳ ተከትሎ ይቀያየራል። አዲሱ ዲስክ 1 ሆኖ አሮጌው ወደ ዲስክ 2 ዞሮ ነበር። ዲስክ 2ን ፎርማት አደረገና ወዲያው ሌላ ሥራ ገለበጠበት።

እኔ ጋ ሲመጣ ከንፈሩ ደርቆ ነበር። ፈጣኑ ፎርማት ማውጫውን ነው የሚያጠፋው፣ ይዘቱ ከሥር ይቆያል። ስለዚህ ብዙውን መለስንለት። አዲስ ሥራ የተጻፈበት ቦታ ግን አልተመለሰም። የአንዲት ሙሽራ አባት ቆመው ሲመርቁ የተቀረፀው ቁራጭ እዚያ ውስጥ ነበር። ልጁ ለቤተሰቡ ደውሎ የነገራቸው እኔ ፊት ነው።

ስለዚህ ሁላችሁም ስሙኝ። አዲሱን ዲስክ ፎርማት እስክታደርጉ ድረስ የአሮጌውን የዳታ ገመድ ንቀሉት፣ እርግጥ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ። የሌለ ዲስክ በስህተት አይጠፋም። ዊንዶውሱ አሮጌው ላይ ሆኖ መንቀል ካልቻላችሁ ቁጥሩን ሳይሆን አሞሌውን እዩ። ያልተከፈለ አዲስ ዲስክ ጥቁር መስመር አለው፣ ፋይል ያለበት ሰማያዊ ነው። ሰማያዊውን አትንኩ።

ሸገር፦ ኤስኤስዲ ቢሆን ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር።

ካቻቪቴ፦ ኤስኤስዲ ቢሆን ይብስ ነበር! ኤስኤስዲ ላይ ፎርማት ሲደረግ ትሪም የሚባል ትእዛዝ ወደ ዲስኩ ይሄዳል፣ ዲስኩም ቦታውን ራሱ ያጸዳዋል። ከዚያ በኋላ የሚመለስ ነገር ማግኘት በጣም ከባድ ነው። ፍጥነቱን አልክድም፣ ዊንዶውስ ኤስኤስዲ ላይ ይሁን እላለሁ። ለሠርግ ቪዲዮ ማከማቻ ግን ትልቁ ዲስክ ይሻላል፣ ዋጋው ይረክሳል፣ ብዙም ይይዛል።

የባህር ዳሩ፦ ሸገር፣ ሁሉም ሰው ያንተን ያህል ገንዘብ ያለው መሰለህ?

ሸገር፦ ጊዜስ ገንዘብ አይደለም? አንድ ፊልም ለመገልበጥ ስንት ሰዓት እንቀመጥ?

የባህር ዳሩ፦ ዊንዶውስን ትተህ ሊኑክስ ብትጭን ያው ዲስክ ይፈጥንልሃል።

ሸገር፦ አሁን ሊኑክስን ምን አመጣው?

ካቻቪቴ፦ በቃ። ሊኑክስ ሌላ ቀን። ቀጣይ ጥያቄ።

ከቨርጂኒያ፦ ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ስጠቀምበት የነበረውን ዴስክቶፕ፣ ሁለተኛ ዲስክ ጨምሬበት፣ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ በሚመጣ ሰው ልልክለት ነው። ዲስኩ በ220 ቮልት ይሠራል?

ካቻቪቴ፦ ዲስኩ ስለ ግድግዳው ቮልት አያውቅም። ከፓወር ሰፕላዩ የሚደርሰው 12 እና 5 ቮልት ብቻ ነው። መጠንቀቅ ያለብህ ለፓወር ሰፕላዩ ነው። ከኋላው፣ ገመዱ የሚሰካበት አጠገብ፣ ቀይ ትንሽ ማንሸራተቻ ካለች እያት። አሜሪካ 115 ላይ ነው የምትሆነው። ወንድምህ ወደ 230 ሳያዞራት ከሰካው ያን ደቂቃ ይፈነዳል፣ ማዘርቦርዱንና ዲስኮቹንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። አሁኑኑ አዙርና በፕላስተር ለጥፍባት። ማንሸራተቻ ከሌላት ጽሑፉን አንብብ። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ራሱ ያስተካክላል።

ሌላው፣ ትልቁ ዲስክ ኬዝ ውስጥ ታስሮ ሻንጣ ውስጥ ባይጓዝ ይሻላል። ፈትተህ በስፖንጅ ጠቅልለህ ለብቻው ላከው።

ከቨርጂኒያ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀይዋ አለች፣ 115 ላይ ናት።

ተማሪ ነኝ፦ መልስ አላገኘሁም። አያነብም አልኩ እኮ።

ካቻቪቴ፦ የጠየቅኩህን አልመለስክም።

እናት ከደሴ፦ ልጄ፣ የኔ ኮምፒውተር ውስጡ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፣ ከዚያ ይቆማል። የልጆቼ የልጅነት ፎቶ ያለው እሱ ላይ ነው። ሁለተኛ ዲስክ አስገብቼ ላዛውረው ወይ?

ካቻቪቴ፦ እናቴ፣ አሁኑኑ ያጥፉት። መልሰው አያብሩት፣ እባክዎ። ያ ድምፅ የዲስኩ ማንበቢያ ራስ ቦታውን ማግኘት አቅቶት ሲመላለስ የሚሰማ ነው። ይህ ራስ ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው በናኖ ሜትር በሚለካ ክፍተት ነው። ከነካው ይፍቀዋል። የተፋቀው ደግሞ አይመለስም። ባበሩት ቁጥር ፎቶ እያጡ ነው።

ማንም «ክፈተው»፣ «ፍሪጅ ውስጥ ክተተው» ቢልዎት አይስሙ። ዲስኩ ለብቻው ወጥቶ ዳታ መመለስ ብቻ ለሚሠራ ባለሙያ ይሰጥ። ምንም ነገር ሳይሞክር በፊት መጀመሪያ ሙሉ ግልባጩን እንዲወስድ ይንገሩት። ስልክ ላይ፣ ዘመድ ጋ የተላኩ ፎቶዎችም ካሉ እስከዚያው ይሰብስቡ።

እናት ከደሴ፦ አጥፍቼዋለሁ። ተባረክ።

የባህር ዳሩ፦ መብራት ሲሄድና ሲመጣ ዲስክ ይበላሻል ይላሉ። እኔ ስታቢላይዘር አለኝ፣ ይበቃኛል?

ካቻቪቴ፦ መሄዱ ብቻውን ትልቁን ዲስክ ብዙ አይጎዳውም። ሳህኑ ገና እየዞረ ባለው ኃይል ራሱን ወደ ማረፊያው ይመልሳል። የሚጎዳው በዚያች ሰዓት እየተጻፈ የነበረው ፋይል ነው። ዋናው አደጋ ሲመለስ ነው፤ ብልጭ ብሎ ጠፍቶ እንደገና ሲመጣ፣ ቮልቱም ሲዘል። መብራት ከሄደ ከዲቫይደሩ ንቀሉ። ሲመጣም ትንሽ አስታግሱት።

ስታቢላይዘር ቮልት ያስተካክላል፣ መብራት ሲሄድ ግን አብሮ ይሄዳል። ዩፒኤስ ባትሪ አለው፣ ሥራህን አስቀምጠህ በሥርዓት የምትዘጋበት ደቂቃ ይሰጥሃል። ሥራቸው ይለያያል።

ሸገር፦ ጥሩ ዩፒኤስ ካለ ስታቢላይዘር አያስፈልግም።

የባህር ዳሩ፦ እኛ ሰፈር የዩፒኤስ ባትሪ ዓመት አይቆይም።

ካቻቪቴ፦ ባትሪው ይቀየራል፤ ፎቶ አይቀየርም።

የመርካቶ ደንበኛ፦ ያገለገለ ዲስክ ልግዛ? ዋጋውስ ስንት ነው?

ካቻቪቴ፦ ዋጋ አልናገርም፣ በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ያገለገለ ከሆነ ገንዘብህን ከመክፈልህ በፊት ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይታይ። የሠራበትን ሰዓት ተመልከት። አንድ ዓመት ሳይጠፋ የሠራ ዲስክ 8,760 ሰዓት ይቆጥራል። 40,000 ካየህ ከጥበቃ ካሜራ መቅጃ የወጣ ሊሆን ይችላል፣ ቀንና ሌሊት ሲጽፍ የኖረ። ከዚያ 05፣ ሲ5 እና ሲ6 የሚሉትን፣ የተበላሸ ቦታ የሚቆጥሩትን መስመሮች እይ። በስተቀኝ ያለው ቁጥር ዜሮ ካልሆነ ተወው። «ትንሽ ነው» ቢሉህም ተወው። «16 ቴራ ኤስኤስዲ በርካሽ» የሚባለውንም አትንካ። ውስጡ ትንሽ ቺፕ አድርገው መጠኑን በውሸት ያስነበቡት ነው። ሲሞላ የድሮውን እያጠፋ ይጽፋል።

አዲስ ገቢ፦ የኔ ፓወር ሰፕላይ ትርፍ የሳታ ጫፍ የለውም። ሞሌክስ የሚባለው የድሮው ባለ አራት ፒን መሰኪያ ብቻ ነው ያለው።

ካቻቪቴ፦ መቀየሪያ አለ፣ ግን ምረጥ። የሳታው ጫፍ አንድ ድፍን ፕላስቲክ ሆኖ ገመዶቹ ውስጡ ቀልጠው የተቀበሩበትን አትግዛ። ውስጥ ለውስጥ ተነካክተው የሚቀልጡትና የሚቃጠሉት እነሱ ናቸው። ከኋላ የሚከፈት ክዳን ያለውን፣ እያንዳንዱ ገመድ ለብቻው የሚታየውን ውሰድ።

ላፕቶፔ፦ በላፕቶፕስ ሁለተኛ ዲስክ ይገባል?

ካቻቪቴ፦ ዲቪዲ ካለው ዲቪዲውን አውጥተህ በቦታው ካዲ፣ ዲስክ የሚይዝ ማቀፊያ፣ ታስገባለህ። ውፍረቱ 9.5 እና 12.7 ሚሊ ሜትር የሆነ አለ፣ ለክተህ ግዛ። ወይም ቀጭን ኤስኤስዲ የሚገባበት ኤም ዶት ቱ ቀዳዳ ይኖረዋል። ዛሬ ግን ስለ ዴስክቶፕ ነው።

ተማሪ ነኝ፦ ይቅርታ፣ አሁን ገባኝ። አዲስ ነው፣ 4 ቴራ። ድምፅ የለውም፣ ባዮስ ላይ ይታያል። ዊንዶውስ ላይ ግን የለም።

ካቻቪቴ፦ ይኸው! ከመጀመሪያው እንዲህ ብትለኝ ኖሮ አንድ ሰዓት አትጠብቅም ነበር። ዲስክህ ጤነኛ ነው፣ ገና ስላልተዘጋጀ ነው የማይታየው። ዲስክ ማኔጅመንትን ክፈት። «ኢኒሻላይዝ» ብሎ ይጠይቅሃል። ከሁለቱ የዲስክ አከፋፈል ዓይነቶች ጂፒቲን ምረጥ። ኤምቢአርን ከመረጥክ ከ2 ቴራ በላይ ያለው ቦታ ይቀርብሃል። ከዚያ ጥቁሩን መስመር በቀኝ ተጫን፣ ኒው ሲምፕል ቮሊዩም፣ ኤንቲኤፍኤስ፣ ጨርስ። የአሮጌውን ገመድ ነቅለሃል?

ተማሪ ነኝ፦ አሮጌው ላይ ነው ዊንዶውሱ።

ካቻቪቴ፦ እንግዲያው አትንቀለው፣ አይነሳልህም። ጥቁሩን ብቻ ንካ።

የጅማው፦ ገጠምኩት! ፎርማትም አደረግኩት። ግን 1 ቴራ ብዬ ገዝቼ 931 ጊጋ ነው የሚለኝ። ተጭበረበርኩ?

ካቻቪቴ፦ አልተጭበረበርክም። ፋብሪካው በ1,000 እያባዛ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1,024። ያው ዲስክ ነው፣ በሁለት መለኪያ። በጥሩ ሁኔታ ገጥመሃል።

አሁን ፎቶህን ወደ አዲሱ ገልብጥ፤ «ከት» ሳይሆን «ኮፒ» በል። ሲጨርስ ኮምፒውተሩን አጥፍተህ አብራና ከአዲሱ ላይ አሥር ፎቶ ከየቦታው ክፈት። ሁሉም ከተከፈቱም አሮጌው ላይ ያሉትን ፎቶዎች እዚያው ተዋቸው። ቦታ ካጠረህ ፊልሞቹን አጥፋ።

የጅማው፦ እየገለበጥኩ ነው። 2 ሰዓት ከሩብ ይቀራል ይላል።

ካቻቪቴ፦ አትነካካው። ይጨርስ።