የፕራዶ 120ን የኋላ አየር በሞላ ለመቀየር ላሰብከው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሳነብ የራሴን መኪና ያየሁ መሰለኝ። ፕራዶ 120 ናት፣ ከኋላ በአየር የምትሠራ። ማታ ቀጥ ብላ ቆማ ጠዋት ከኋላ ቁጭ ብላ ትገኛለች። መካኒኩ "የአየር ላስቲኮቹ አልቀዋል፣ ኦሪጅናል ማስመጣት አለብህ" ብሎ የነገረህ ዋጋ አስደንግጦሃል። ስለዚህ በአነስተኛ ወጪ ወደ ሞላ (ወደ ጥቅልል የብረት ስፕሪንግ) ብትቀይራት ምን መግዛት እንዳለብህ፣ ምቾቷ ይቀንስ እንደሆነና ዳሽቦርድ ላይ የሚበራውን መብራት ምን እንደምታደርገው ጠይቀሃል። እኔም እዚሁ አዳማ ያንኑ ሥራ አሠርቼ እየነዳሁ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ይቻላል። እንዲያውም አየር ካላቸው መኪኖች ለመቀየር ቀላል ከሆኑት አንዷ ያንተ ናት። አየሩ ያለው ከኋላ ብቻ ነው፣ ፊት ለፊት ድሮም ሞላ ነው። ከኋላም ላስቲኩና አሞርዛተሩ (የመኪናዋን ዝላይ የሚያበርደው) ለየብቻ ናቸው። አንዱን ስትነካ ሌላውን አታበላሽም።

ነገር ግን ብር ከማውጣትህ በፊት ላስቲኩ በእርግጥ ማለቁን አይተህ አረጋግጥ። መኪና ከኋላ ቁጭ ባለች ቁጥር "ላስቲኩ ነው" ማለት ለመካኒክ ቀላል ነው። አየሩ የሚወጣው ግን ከሌላ ቦታም ሊሆን ይችላል። ሞተሩን አስነሳና ከፍታውን ወደ ላይኛው ደረጃ አውጣው። ስትነሳ ላስቲኩ ይዘረጋል፣ ታጥፎ የነበረው ክፍልም ይታያል። ኦሞ የተበጠበጠበት ውሃ በመርጫ ጠርሙስ ይዘህ ከጎማው በኩል እጅህን አስገብተህ እጥፋቱ ላይ በደንብ ርጭ። ከዚያ ታገስ። ትልቅ ቀዳዳ ወዲያው አረፋ ያወጣል፣ ማታ ማታ ብቻ የሚያስቀምጣት ቀጭን ስንጥቅ ግን ቀስ እያለ ነው ጥቃቅን ነጭ አረፋ የሚሠራው። እጥፋቱ ላይ ዙሪያውን የተሰነጣጠቀ ነገር ካየህ ላስቲኩ አልቋል፣ ምንም ክርክር የለውም።

አረፋው የወጣው ከላይ፣ ቀጭኑ የአየር ቱቦ ከሚገባበት ቦታ ከሆነ ግን ተደሰት። እዚያ ውስጥ ትንሽ ክብ ጎሚኒ አለች። እሷ ስትደርቅ አየሩ በዚያ በኩል ይሾልካል። እሷን መቀየር ከሞላ ዋጋ ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም። አረፋ ጨርሶ ከሌለ ደግሞ ከኋላ ያለውን የከፍታ ሴንሰር እይ። ከሻንሲው ወደ ታች የሚወርድ ቀጭን ዘንግ አለው። ዘንጉ ተሰብሮ ወይም መገጣጠሚያው በጭቃ ደርቆ ከሆነ ኮምፒውተሩ የመኪናዋን ቁመት በትክክል አያውቅም።

አንድ ነገር አደራ። መኪናዋን በክሪክ ከማንሳትህ በፊት የአየሩን ማጥፊያ ቁልፍ ተጫን። አለበለዚያ ሲስተሙ "ከፍታው ተለወጠ" ብሎ አየር ሊያስወጣ ወይም ሊያስገባ ይችላል፣ አንተም ስር ነህ። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ስር ደግሞ ማንም አይግባ፣ መካኒክህም ቢሆን። ሻንሲው ላይ ጠንካራ የብረት ማቆሚያ ይደረግ።

ላስቲኩ ማለቁ ከተረጋገጠ እኔ ወደ ሞላ በለው እላለሁ። ፕራዶ 120 ከ2002 እስከ 2009 የተመረተች መኪና ናት። የመጨረሻዋም ብትሆን ዕድሜዋ ገፍቷል። አንዱ ላስቲክ ካለቀ ሌላውም ሩቅ አይሆንም። ላስቲኩ በሚያሾልክበት ጊዜ ሁሉ ደግሞ ኮምፕረሰሩ የጎደለውን ለመሙላት ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። የአዳማ ሙቀትና አቧራም አያግዝም። እጥፋቱ ውስጥ የገባው አሸዋ መኪናዋ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ላስቲኩን ይፈገፍገዋል። ያገለገለ ላስቲክ ገዝቶ መግጠም አማራጭ ነው የሚሉህ አሉ። እኔ አልመክርም። ጎማ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃል።

አሁን ምን እንደምታጣ በግልጽ ልንገርህ። ባዶዋን ወይም ከቤተሰብ ጋር ስትነዳ የምቾቱ ልዩነት ከምትፈራው ያነሰ ነው። የምታጣው ጭነት ላይ ነው። አየሩ ሰውም ዕቃም ብትጭን ራሱ አየር ጨምሮ የኋላውን ቀጥ ያደርገዋል። ሞላ ይህን አያውቅም። የጫንክበትን ያህል ይወርዳል። ስለዚህ ሞላ ስትመርጥ ራስህን የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይቺ መኪና ብዙውን ጊዜ ምን ትጭናለች? ከመቂ ሽንኩርት ጭኖ የሚመጣ ሰውና ሁለት ልጆች ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሰው አንድ ዓይነት ሞላ አይገዙም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። "ጠንካራውን ስጠኝ፣ እንዳይወርድብኝ" ብሎ ለጭነት የተሠራውን ከባድ ሞላ ያስገጥማል። ባዶዋን ሲነዳ የኋላው ይዘላል። ስፒድ ብሬከር ላይ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ጭንቅላቱ ጣሪያ ይነካል። የባሰው ደግሞ ኮረኮንች ላይ ፍሬን ስትይዝ የኋላ ጎማው መሬቱን በደንብ አይቆነጥጥም። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ባዶዋን ወይም ከቤተሰብ ጋር የምትነዳት ከሆነ አየር የሌለው ፕራዶ 120 ከፋብሪካ ይዞት የመጣው የኋላ ሞላ ይበቃሃል። ርካሹም እሱ ነው። ከተፈታ መኪና የወጣም ይገኛል። የቶዮታ ፎርረነር አራተኛው ትውልድም ከኋላ በዚሁ አሠራር የተሠራ ስለሆነ የሱም ሞላ ይሆናል። ሌክሰስ ጂኤክስ 470 ያላችሁም ይህ መልስ ለናንተም ነው፣ ከስር አንድ ናቸው።

ያገለገለ ሞላ ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ወይም ከሌላ ቦታ ስትገዛ ጥንድ ሆኖ ከአንድ መኪና የወጣ መሆኑን ጠይቅ። ሻጩ ፊት ሁለቱን ጎን ለጎን ደልዳላ ወለል ላይ አቁማቸውና ቁመታቸውን አወዳድር። አንዱ ካጠረ ተዋቸው። ዝገቱን በጣትህ ዳብስ። ላዩን ብቻ ቀላ ያለ ችግር የለውም። ብረቱን በልቶ ጉድጓድ የሠራ ዝገት ግን ሞላው የሚሰበርበት ቦታ ነው። ጥቅልሎቹ እርስ በርስ የተፋጩበት የሚያብረቀርቅ ምልክት ካለም ያ ሞላ ከአቅሙ በላይ ሲጫን የኖረ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሞላው ብቻውን አይገባም። ከላይ የሚቀመጥበት የላስቲክ መቀመጫ አለው። መኪናዋ ጉድጓድ ስትገባ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ የሚያቆም ወፍራም ጎሚኒም አለ። እነዚህ ከአየሩ ጋር ከሚመጡት ጋር አንድ ስላልሆኑ ከሞላው ጋር አብረህ ግዛቸው። እነሱን ግን አዲስ ይሁኑ እላለሁ። ዋጋቸው ትንሽ ነው። ሳይገጠሙ ከቀሩ ግን ጥፋቱ ትልቅ ነው። ሞላው ሲንቋቋብህ ይውላል፣ መቀመጫውንም ይበላዋል። አንዳንድ ጋራዥ "ችግር የለም፣ የጎማ ቁራጭ እናደርግበታለን" ይልሃል። እምቢ በል።

እምቢ የምትለው ሌላም አለ። ከሌላ መኪና የወጣ ረጅም ሞላ በጋዝ ቆርጦ ማሳጠር፣ ወይም የኋላ አክስሉ ላይ ላሜራ በይዶ መቀመጫ መሥራት። ሞላ የሞላነት ባሕርዩን የሚያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት ተሠርቶ ነው። በእሳት ስትቆርጠው የነደደበት ቦታ ባሕርዩን ያጣል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው። የፕራዶ የታችኛው መቀመጫ የሞላውን ጫፍ የሚይዝ ቦታ አለው። የሽቦው ጫፍ እዚያ ውስጥ ገብቶ መቀመጡን በዓይንህ ተመልከት። ዞሮ ከተቀመጠ ስትነዳ እየተሽከረከረ ቦታውን ይፈልጋል፣ ድምፁም ያሳብድሃል።

የመግጠሙ ሥራ ከባድ አይደለም። መጀመሪያ አየሩ ከላስቲኩ ቀስ ተብሎ ይለቀቅ። ከዚያ የአሞርዛተሮቹ የታችኛው ቡሎን ሲፈታ አክስሉ በክሪክ ተደግፎ ወደ ታች ይወርዳል። ላስቲኩ ይወጣል፣ ሞላው ይገባል። አክስሉ ሲወርድ አንድ ሰው የፍሬን ቱቦውንና የኤቢኤስ ሽቦውን እያየ ይቁም። ሲወጠሩ አቁም ማለት አለበት። አክስሉን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኙት ዘንጎች ቡሎን ከተፈታ ደግሞ መጨረሻውን ማጥበቅ የሚገባው መኪናዋ በጎማዎቿ መሬት ላይ ቆማ ነው። አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ካጠበቁት ጎሚኒዎቹ ተጠማዝዘው ይቀራሉ፣ ቶሎም ይቀደዳሉ። ይህን የሚያውቅ መካኒክ ካገኘህ አትልቀቀው።

አሞርዛተሩን እይ። ዘይት ካፈሰሰ አሁኑኑ ቀይረው፣ የእጅ ሁለት ጊዜ ከምትከፍል። ካላፈሰሰ ተወው። ግን አናቱ ላይ ሽቦ የሚሰካበት ከሆነ ጥንካሬው በኤሌክትሪክ የሚለወጥ ዓይነት ነው። እሱን በተራው አሞርዛተር ከለወጥከው ሌላ መብራት ሊያስነሳብህ ይችላል። ደህና ከሆነ በቦታው ይቆይ፣ ሶኬቱም እንደተሰካ ይቆይ።

መብራቱን በተመለከተ፣ ሽቦ አታስቆርጥ። የኮምፕረሰሩ ፊውዝና ሪሌ ይውጡ፣ ሶኬቱ ይነቀል፣ ውሃና አቧራ እንዳይገባበት በቴፕ ተጠቅልሎ ከላይ ይታሰር። የማጥፊያ ቁልፉን ተጭነህ ትተወዋለህ። በኔ መኪና ላይ "ኦፍ" የሚለው መብራት በርቶ ቀርቷል፣ ሌላ ምንም አልመጣም። ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ካስቸገረህ ወደ ኤሌክትሪሽያን ሂድ እንጂ ዳሽቦርዱን ከፍተው አምፖሉን እንዲነቅሉልህ አትፍቀድ። ኮምፕረሰሩ የሚሠራ ከሆነ አትጣለው። ፈላጊ አለው፣ ከወጪህ የተወሰነውን ይመልስልሃል።

ብዙ ሰው የሚረሳው የፊት መብራቱን ነው። የኋላው ከፍታ በትንሹም ሲለወጥ መብራቱ አቅጣጫ ይለውጣል። ከኋላ ከፍ ካለች መብራቱ አፍንጫዋ ስር ይወድቃል። ዝቅ ካለች ደግሞ የመጪውን ሹፌር ዓይን ያጠፋል። በሌሊት ወደ መተሐራ የነዳ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ ሞላው ከተገጠመ በኋላ አስተካክለው። መብራትህ ዜኖን ከሆነ ደግሞ ራሱን የሚያስተካክልበት ሴንሰር ከኋላ ሊኖረው ይችላል። መካኒኩ ዘንግ ያለውን ሁሉ የአየሩ ነው ብሎ እንዳይነቅልብህ ንገረው።

ሌላ መኪና ይዛችሁ ይህን ለምታነቡ፣ ጥንቃቄ። ሌክሰስ ኤልኤክስ 470 ላይ ያለው አየር አይደለም። በዘይትና በጋዝ የሚሠራ ነው፣ ሞላም ከኋላ ድሮም አለው። ግን ሞላው ለስላሳ ነው፣ የቀረውን ክብደት ዘይቱ ይሸከማል። ዘይቱን ብታወጡት የነበረው ሞላ ብቻውን አይችላትም። አየር ያላቸው ዲስከቨሪ 3 እና አብዛኞቹ አየር ያላቸው መርሴዲሶች ደግሞ አራቱም ማዕዘን አየር ናቸው። መርሴዲሶቹ ላይ ፊት ለፊት ላስቲኩና አሞርዛተሩ አንድ አካል ስለሆነ ሙሉውን መለወጥ ነው። ኮምፒውተሩንም ማሳመን ያስፈልጋል። በአነስተኛ ወጪ የሚባለው ነገር እዚያ ላይ የለም። ለነሱ የኔ ምክር አየሩን መጠገን ነው።

ከገጠምክ በኋላ መጀመሪያ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ቀስ ብለህ ሞክራት፣ ከዚያ ፈጣን መንገዱ ላይ። ድምፅ ካለ ኮረኮንቹ ላይ ይሰማሃል። ከኋላ የምትዋልል ከሆነ ደግሞ በፍጥነት ስትነዳ ታገኘዋለህ፣ ያኔ አሞርዛተሩን ጠርጥር። ተመልሰህ ቡሎኖቹን በሙሉ ድጋሚ አስጠብቃቸው።

የኋላ አሞርዛተርህን አናት ፎቶ አንስተህ እዚሁ ላክ። ብዙውን ጊዜ ስንት ሰውና ምን ዕቃ እንደምትጭንም ጻፍ። የትኛው ሞላ እንደሚሆንህ እነግርሃለሁ።