ለጀማሪ ነዳፊዎች፦ ስክሪኑ የማያሳያችሁ ቆሻሻ

ልጆቼ፣

እኔ ሙያውን ስጀምር ስህተት የሚፋቀው በምላጭ ነበር። ትሬሲንግ ፔፐር ላይ በሮትሪንግ የቀለም ብዕር ያሰመርነው መስመር ሲበላሽ ቀለሙን በምላጭ ጫፍ ቀስ አድርገን እንልጠዋለን። እጅ ከከበደ ወረቀቱ ይበሳና የሦስት ቀን ድካም ገደል ይገባል። ያን ምላጭ አልናፍቀውም። ግን ወረቀቱን ወደ መስኮት አንስቶ ያየ ሁሉ የት የት እንደተፋቀ ያውቅ ነበር። በኮምፒውተር የምንነድፍበት አውቶካድ ይህን ወሰደብን። የሰረዛችሁት በር ከስክሪኑ ይጠፋል፤ የበሩ ብሎክ (እየደጋገምን የምናስገባው አንድ ላይ የታሰረ ሥዕል) ግን ፋይሉ ውስጥ ተጋድሞ ይቀራል። ከሌላ ፕሮጀክት አንድ ወንበር ኮፒ ስታደርጉ ወንበሩ ብቻውን አይመጣም፤ ሌየሩን (የተነደፈበትን ንብርብር)፣ የመስመር ዓይነቱን፣ የጽሑፍ ስታይሉን ሁሉ ጎትቶ ነው የሚገባው። አንድ ክፍል ብቻ የተነደፈበት ፋይል 40 ሜጋባይት ሆኖ ሲያጋጥማችሁ ኮምፒውተሩን አትርገሙ።

የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመት በፊት ስሙን በማላነሳው ቢሮ ውስጥ የአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ የውስጥ ግድግዳ ርዝመት ከፋይሉ ላይ ለቅሜ ለመጠን ሥራ፣ ማለትም ለዕቃ ስሌት፣ አስረከብኩ። ቁጥሩን የተረከቡት አዛውንት መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና «ልጄ፣ ይህ ሕንፃ ብሎኬት ይበላል እንዴ?» አሉኝ። ሁለተኛውን ፎቅ ኮፒ ሳደርግ እዚያው በራሱ ላይ ጥዬዋለሁ። ለዓይን አንድ መስመር ነው፤ ሲደመር ሁለት። ኦቨርኪል የሚባለውን ትእዛዝ የተማርኩት በዚያ ሳምንት ነው። ተደራራቢ መስመሮችን ፈልጎ ያነሳል። ብቻ ከመጫናችሁ በፊት ምርጫዎቹን አንብቡ፤ የልዩነት ልኩን ሰፋ ካደረጋችሁለት፣ ሆን ብላችሁ አጠጋግታችሁ ያሰመራችኋቸውንም ሊበላባችሁ ይችላል።

ቅደም ተከተሉን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ አላዘገያችሁም። መጀመሪያ የፋይሉን ኮፒ ለብቻው አስቀምጡ። ከዚያ ኦዲት (የፋይሉን ስህተት የሚያርመው)፣ ኦቨርኪል፣ ፐርጅ (ሥራ ላይ ያልዋለውን የሚያወጣው)። ብሎክ ውስጥ ብሎክ ስለሚኖር ፐርጅን ምንም የሚያወጣው እስኪያጣ ድጋሚ አስኬዱት። ፋይሉ አሁንም ካበጠ፣ ከፐርጅ ፊት ሰረዝ ጨምራችሁ ጻፉና ሬግአፕስ የሚለውን ምረጡ። ሌሎች ፕሮግራሞች ጥለውት የሄዱት የስም ክምር እዚያ ነው ያለው። አልከፈት ያለ ፋይል ደግሞ ኦዲት አያድነውም፤ ለእሱ ሪከቨር አለ።

አንዳንድ ወጣት ጽዳት ሲጀምር ያብዳል። ሌየሩ በዛ ብሎ ሁሉንም ወደ ዜሮ ሌየር ይጠቀልላል፣ ብሎኮቹን ኤክስፕሎድ አድርጎ ይበታትናል፣ ልኬቶቹን ሳይቀር ይበትናል። የተበተነ ልኬት የሞተ ጽሑፍ ነው፤ ግድግዳው ቢንቀሳቀስ ቁጥሩ አይከተለውም። ዜሮ ሌየር የብሎክ መሥሪያ ነው። እዚያ ላይ፣ ቀለሙም ባይሌየር (ሌየሩን ተከተል) ሆኖ የተሠራ ብሎክ የሚያርፍበትን ሌየር ቀለም ይለብሳል።

ከሁሉ የከፋው ጽዳት ግን ኮኦርዲኔት (ቦታውን የሚናገሩት ቁጥሮች) ላይ የሚደረገው ነው። የአዲስ አበባ ሰርቬይ በዩቲኤም (ምድርን በዞን ከፍሎ በሜትር የሚለካ የካርታ ሥርዓት) ዞን 37 ሲመጣ ኢስቲንጉ (ወደ ምሥራቅ የሚለካው) 470,000 ሜትር አካባቢ፣ ኖርዚንጉ (ወደ ሰሜን የሚለካው) ደግሞ ወደ 1,000,000 ሜትር የሚጠጋ ነው። በሚሊ ሜትር ለሚነድፍ አርክቴክት ይህ አሥር አኃዝ ሊነካ ነው። ሀች (የሙሌት ሰረዙ) ይሸራረፋል፣ ስናፕ (ነጥብ መያዣው) ይንቀጠቀጣል። ልጁ ይበሳጭና ሙሉውን በሙቭ ወደ ዜሮ ዜሮ ያመጣዋል። ሥዕሉ ያምራል፤ ቦታው ግን የት እንዳለ የሚያውቅ ፋይል ከዚያ በኋላ የለም። የሰርቬየሩን ፋይል አትንኩት። ሕንፃችሁን ለብቻው ዜሮ አጠገብ ንደፉና ወደ ሳይት ፋይሉ በኤክስሬፍ (ፋይልን ከፋይል በሚያያይዘው) አስገቡት፤ ማዞር ካስፈለገ ሥዕሉን ሳይሆን እይታውን በዩሲኤስ (የራሳችሁ የመለኪያ አቅጣጫ) አዙሩ። ሰርቬየሩንም የልኬቱ መነሻ (ዳተም) አዲንዳን ነው ወይስ ደብሊውጂኤስ 84 ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱን ፋይሉ ላይ ጻፉት። እኛ አገር በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ200 ሜትር በላይ ነው። ይህ የጎረቤት ግቢ ብቻ አይደለም፣ ሌላ ሰፈር ነው።

ሌላው የእኛው ብቻ ጣጣ ፊደል ነው። በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ፕላኖች አሁንም ይዞራሉ። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ «መኝታ ቤት» የነበረው የላቲን ፊደል ዝብርቅ ይሆናል። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኒያላ የተባለው የግዕዝ ፎንትም ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር መጣ። ስለዚህ አሮጌ ፋይል ስትረከቡ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መልሳችሁ ጻፉት። አሰልቺ ሥራ ነው፤ አውቃለሁ። ስታይሉንም አብራችሁ ቀይሩ፤ ከአውቶካድ የራሱ ፎንቶች አንዱ ላይ ከተዋችሁት «ማድ ቤት» ተከታታይ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይታተማል። እንዲህ ሆኖ የታተመ ፕላን ለፈቃድ ቀርቦ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ።

መብራት ድንገት ጠፍቶ ፋይሉ ከተበላሸ አትደንግጡ። ባክ የሚል ቅጥያ ያለውን ወንድሙን ወደ ሌላ ፎልደር ኮፒ አድርጉና ቅጥያውን ወደ ዲደብሊውጂ ቀይሩት፤ ካለፈው ሴቭ በፊት የነበረውን ታገኛላችሁ። ስለዚህ ፎልደር ስታጸዱ ባኮቹን ገና ፕሮጀክቱ ሳያልቅ አትጥረጉ። በፍላሽ የመጣ ፎልደር ውስጥ ኤልኤስፒ የሚል ቅጥያ ያለው፣ ማን እንዳስቀመጠው የማይታወቅ ፋይል ካገኛችሁ ግን ያን አጥፉት፤ በዚህ መንገድ ከቢሮ ቢሮ የሚዛመት ቫይረስ አለ።

እኔ እስከዛሬ ከማስረከቤ በፊት ፋይሉን ከነተያያዦቹ በኢትራንስሚት ጠቅልዬ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ እከፍተዋለሁ። ባለፈው ወር ቸኩዬ ዋናውን ፋይል ብቻ ላክሁ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ከሥሬ የምትሠራው ልጅ በሩን ከፈት አድርጋ «ጋሼ፣ ኤክስሬፉ አልተገኘም ይላል» አለችኝ። የእኔው ዴስክቶፕ ላይ ነበር።